ክብ ቤተ ክርስቲያን ለክቼ ንድፉ አልገጥም አለኝ፣ መላ በሉኝ

የጅማዋ ተማሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከጅማ ወጣ ብሎ ያለ አንድ አሮጌ ክብ ቤተ ክርስቲያን ለመመረቂያ ሥራዬ እየለካሁ ነው። የውጭውን ግድግዳ ከመስኮት መስኮት እየቆራረጥኩ በሜትር ለካሁት። አውቶካድ (የንድፍ ሶፍትዌር) ላይ ሳስገባው ግን ክቡ አልዘጋ አለ፣ መጨረሻው ከመነሻው 40 ሴንቲ ሜትር ርቆ ቀረ። መሃል ቆሜ እንዳልለካ መሃሉ መቅደስ ነው። ምን ይሻላል? አባቶች ደግሞ «ይሄ ሁሉ ልኬት ምን ያደርጋል?» ይሉኛል።

ቱምቢ፦ እህቴ፣ ቁርጥራጭ ልኬት ስህተቱ እየተደመረ ነው የሚሄደው። ከቤቱ ውጭ አራት ካስማ ትከዪና በሲባጎ ካሬ ሥሪለት። ጎኑ 20 ሜትር ከሆነ ሁለቱም ዲያጎናል (ከማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን) 28.28 ሜትር መምጣት አለባቸው፤ ካልመጡ ካስማው ይነሳ። ከዚያ ሜትሩን በሲባጎው ላይ ዘርግተሽ በየ50 ሴንቲው ወደ ግድግዳው ቀጥ አድርገሽ ለኪ። ለየጎኑ ዜሮው አንድ ነው፣ እንዳታንቀሳቅሺው። የክዳኑን ጠርዝ በቱምቢ (ክብደት በታሰረበት ገመድ) መሬት ላይ አውርጂው።

አርክቴክቱ፦ ልክ ነው። ብቻ ልኬቱ ከገባ በኋላ «ክብ መሆን አለበት» ብለሽ በኮምፓስ እንዳታስተካክዪው! የጭቃ ግድግዳ ሆዱ ይነፋል፣ ይዘማል፣ እኛ የምንፈልገውም እሱን ነው። ፕላኑ በ1፡50 ስኬል (50 ጊዜ አንሶ)፣ በርና መስኮቱ በ1፡10 ይበቃል። የወለሉን ከፍታ ልዩነት በውሃ ልክ ቱቦ (ውሃ በተሞላ ግልጽ ቱቦ) ለኪ።

ዲያቆኑ፦ እህታለም፣ መቅደስ መግባት አይታሰብም። ቅዳሴ ካለቀ በኋላ፣ አባቶች ከፈቀዱ፣ ከቅድስት (መቅደሱን ከሚዞረው ክፍል) በኩል የመቅደሱን ግድግዳ በውጭ ለኪ። የውስጡን አንድ ቄስ ለክተው ቁጥሩን ሊነግሩሽ ይችላሉ። እምቢ ካሉ አትጨቅጭቂ፣ ባዶ ተዪውና «አልተለካም» ብለሽ ጻፊበት። ለሰበካ ጉባኤው ከትምህርት ክፍልሽ ደብዳቤ አምጪ፤ ሲያልቅም አንድ ቅጂ ስጪያቸው።

የአጋሮ ልጅ፦ «ምን ያደርጋል?» ካሉሽ አክሱምን ንገሪያቸው። በ1906 እ.ኤ.አ. የመጡት ጀርመኖች የታዕካ ማርያምን ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ለክተው ነደፉት፣ በ1913 አሳተሙት። በኋላ በጣሊያን ጊዜ በመንገድ ሥራ ፈረሰ። ዛሬ ቅርፁን የምናውቀው ከዚያ ንድፍ ነው።

የጅማዋ ተማሪ፦ ተባረኩ! ይሄን ለአባቶች እነግራቸዋለሁ። ሌዘር ሜትር ልከራይ ወይስ ይቅር?

ቱምቢ፦ ለውጭው ይቅር፣ ፀሐይ ላይ ቀይዋ ነጥብ አትታይሽም። ለጣሪያው ቁመት ግን ካገኘሽ ተከራዪ፣ መሰላል ከመንጠልጠል ያድንሻል።