ስለ ቪርዢኒያ ቢኩዶ የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፦ የዕቅድ ውይይት

አስተባባሪ፦

ጤና ይስጥልኝ ውድ አባላት። የሚቀጥለው የንባብ ወራችን በአንድ ሰው ሕይወትና ሥራ ላይ ይሁን ተባብለን ነበር። እኔ ያነሳሁት ስም ቪርዢኒያ ሊዮኒ ቢኩዶ ነው። ብራዚላዊት ሶሲዮሎጂስት (የኅብረተሰብ ተመራማሪ) እና ሳይኮአናሊስት ናት፤ ማለትም ሰውን በማዳመጥ በውስጡ የተደበቀውን ስሜት የምትመረምር ባለሙያ። ብዙዎቻችሁ "ደግሞ ማናት?" ስላላችሁኝ፣ ወደ ረቂቁ ከመግባታችን በፊት ትንሽ ላስተዋውቃችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1910 ሳኦ ፓውሎ ተወለደች። አባቷ በባርነት ከኖረች ሴት የተወለደ ጥቁር ሰው ነው። እናቷ ከጣሊያን የመጣች ስደተኛ ናት። ብራዚል ባርነትን በሕግ ያስቀረችው በ1888 ነው። እሷ ስትወለድ እንግዲህ ገና 22 ዓመቱ ነበር። ትምህርት ቤት ስትገባ ልጆች በቆዳዋ ቀለም ይሰድቧት ጀመር። በእርጅናዋ ስትጠየቅ፣ ሶሲዮሎጂ ለምን እንደተማረች የምታስረዳው ከዚያ ስድብ ተነስታ ነው። ያ ሕመም ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ፈልጋ ነበር።

መጀመሪያ የጤና አስተማሪ ሆነች። በ1938 ደግሞ ከሳኦ ፓውሎ የሶሲዮሎጂና የፖለቲካ ነፃ ትምህርት ቤት ተመረቀች። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብላ ግን ሌላ ነገር ጀምራለች። የናዚን ጀርመን ትታ የመጣች አደልሃይድ ኮክ የምትባል አይሁዳዊት ሐኪም ሳኦ ፓውሎ ነበረች። ቢኩዶ በ1937 እሷ ዘንድ ሳይኮአናሊሲስ ገባች። በዚህ ሕክምና ታካሚው ሶፋ ላይ ተኝቶ ይናገራል፤ ባለሙያው ያዳምጣል። ሌላ ሰው ከማዳመጧ በፊት ራሷ ሶፋው ላይ ተኝታ ተደመጠች።

የእኔ ሐሳብ ሁለት ምሽት ይኑረን የሚል ነው። አንዱ ስለ ሶሲዮሎጂስቷ፣ ሌላው ስለ ሳይኮአናሊስቷ። እስቲ እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ጸሐፊ፦

እህቴ፣ ስሙን በደስታ ተቀብያለሁ። ሁለት ምሽት የሚለው ላይ ግን አልስማማም። ሴትዮዋን ለሁለት ከቆረጥናት ዋናው ነገር ያመልጠናል።

የ1945ቱን የማስተርስ ጽሑፏን እንይ። በሳኦ ፓውሎ የጥቁሮችና የሙላቶዎችን (ከጥቁርና ከነጭ የተወለዱ ሰዎችን) አመለካከት ያጠናችበት ነው። አማካሪዋ ከቺካጎ የመጣው ሶሲዮሎጂስት ዶናልድ ፒርሰን ነበር። ፒርሰን ባሂያ የሚባለውን የብራዚል ግዛት አጥንቶ፣ በብራዚል ሰውን የሚለየው ከቀለም ይልቅ መደብ ነው ወደሚለው ሐሳብ ያደላ ሰው ነው። ያኔ ብዙ ሰው የሚያምነውም ይህንኑ ነበር። ጥቁሩ ሲማርና ገንዘብ ሲያገኝ ችግሩ ያበቃል ይባል ነበር።

ቢኩዶ ሰዎቹን ቁጭ ብላ አዳመጠች። ድሃውንም፣ ተምሮ ከፍ ያለውንም። ስለ ነጮች ምን እንደሚሰማቸው፣ እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚተያዩ፣ ስለ ራሳቸው ምን እንደሚያስቡ ጠየቀች። "ፍሬንቴ ኔግራ" የሚባለው የጥቁሮች ንቅናቄ የተዋቸውን ጽሑፎችም መረመረች። ንቅናቄው በ1931 ተመሥርቶ፣ በ1937 በፕሬዚዳንት ቫርጋስ መንግሥት የተዘጋ ነው። ያገኘችው መልስ ከአማካሪዋ ሐሳብ ጋር አይገጥምም። ሰው በኑሮው ከፍ ሲል የቀለም አጥሩ አይፈርስም። እንዲያውም ከነጮች ጋር ትከሻ ለትከሻ ሲሆን ነው አጥሩን አጥርቶ የሚያየው። እና ያ አጥር ውጭ ብቻ አይደለም። ሰውየው ራሱን በሚያይበት ዓይን ውስጥም ገብቷል።

ታዲያ ይህ ሥራ በየትኛው ምሽት ሊገባ ነው? ሶሲዮሎጂ ነው፤ ግን ሶፋው ላይ የተኛች ሰው የጻፈችው ሶሲዮሎጂ ነው።

አባል (የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ)፦

እኔን የነካኝ 1954 ነው። ሳኦ ፓውሎ ውስጥ በተካሄደ የአእምሮ ጤና ጉባኤ ላይ ሐኪሞች ተነስተው አጭበርባሪ አሏት። ጥፋቷ ሐኪም ሳትሆን ሳይኮአናሊስት መሆኗ ነው። በብራዚል ሐኪም ሳይሆን ሳይኮአናሊስት የሆነ ሰው ከእሷ በፊት አልነበረም። ክፉኛ ጎዳት። በቀጣዩ ዓመት ለንደን ሄደች። እዚያ የታወቀችውን ሳይኮአናሊስት የሜላኒ ክላይንን ትምህርት ከሥሩ ቀሰመች፤ የሌላውን ሳይኮአናሊስት የቢዮንንም ሴሚናር ተከታተለች።

እኔም አንዴ ስብሰባ ላይ ሐኪም ባለመሆኔ ብቻ ሐሳቤ ሳይሰማ አልፏል። በሥራዬ ለዓመታት የማውቀው ቤተሰብ ጉዳይ ነበር። ስለዚህ ይህ ክፍል በሁለት መስመር እንዳይታለፍ እለምናለሁ። ማን ማዳመጥ ይፈቀድለታል? ሰውን ለመርዳት የማን ፈቃድ ያስፈልጋል? ይህ ጥያቄ በሐሳባችን ውስጥ በግልጽ ይጻፍ።

ሌላም ልጨምር። ከዚያ ጉባኤ ጋር በተቀራረበ ጊዜ በራዲዮና በጋዜጣ ለተራው ሕዝብ ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ስለ ቅናት፣ ስለ ፍርሃት ታስረዳ ነበር። ጽሑፎቹ በ1956 በመጽሐፍ ወጥተዋል። እውቀቱን ለራሷ ይዛ አልተቀመጠችም።

አባል (ጡረታ የወጡ መምህር)፦

ልጆቼ፣ ጥሩ ይዛችኋል። አንድ ነገር ብቻ ላሳስብ። በረቂቃችሁ "የመጀመሪያዋ" የሚለው ቃል አይብዛ። የመጀመሪያዋ ይህ፣ የመጀመሪያዋ ያ። እውነት ነው፣ ብዙ ነገር ጀምራለች። ግን ሰው በ"መጀመሪያ" ብቻ ሲታወስ፣ ያሰበው ነገር ይረሳል።

እሷ ደግሞ ተረስታ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ዩኔስኮ በብራዚል ስለ ዘር ግንኙነት ትልቅ ጥናት አስጠንቷል። በሳኦ ፓውሎ ሮዤ ባስቲድና ፍሎሬስታን ፈርናንዴስ መሩት። ቢኩዶ የትምህርት ቤት ልጆች ስለ ጓደኞቻቸው ቀለም ያላቸውን አመለካከት አጠናች። በ1955 በወጣው መጽሐፍ ውስጥ ጥናቷ አለ። በ1959 እንደገና ሲታተም ግን የእሷ ክፍል የለም። የሁለቱ ወንዶች ሥራ ብቻ ቀረ። የማስተርስ ጽሑፏ በመጽሐፍ የታተመውም በ2010 ነው። ከተጻፈ 65 ዓመት በኋላ። እሷ በ2003 ስላረፈች አላየችውም።

አሁን ለጸሐፊው አንድ ከባድ ጥያቄ ላንሳ። ከለንደን ከተመለሰች በኋላ ስለ ቀለም ብዙም አልጻፈችም። የሳኦ ፓውሎውን የሳይኮአናሊሲስ ተቋም መራች፤ በ1970ዎቹ ብራዚሊያ እየተመላለሰች አዲስ ትውልድ አሠለጠነች። ጽሑፏ ስለ ሕክምናው ሆነ። ታዲያ ሁለት ቢኩዶዎች አሉ ቢባል ስህተት ነው ትላለህ?

ጸሐፊ፦

ጋሼ፣ ጥያቄዎ አስጨንቆኛል። ዝም ብዬ "አንድ ናት" ማለት አልችልም። የጻፈችበት ነገር እንደተቀየረ እቀበላለሁ። እኔ የማየው ግን ጥያቄው እንዳልተቀየረ ነው። ልጅ ሳለች የሰማችው ስድብ ሁለት ነገር አድርጓል። ከውጭ ተሰነዘረ፤ ከዚያ ውስጥ ገብቶ ቀረ። መጀመሪያ ከውጭ የመጣበትን መንገድ ተከተለች፤ ኋላ ውስጥ የቀረውን። ግማሹን ተወች ወይስ ቀጠለችው የሚለውን ግን እኛ አንወስንም። ጥያቄው እንዳለ በሐሳቡ ውስጥ ይግባ፤ አንባቢው ራሱ ይፍረድ።

የትርጉም ቡድን፦

እኛ የጨነቀን ቃሉ ነው። የማስተርስ ጽሑፏን ርዕስ "የዘር አመለካከት" ብለን ብንተረጉም አማርኛ አንባቢ ሌላ ነገር ይረዳል። "ዘር" ስንል እኛ ጎሳ፣ የዘር ሐረግ፣ ትውልድ ነው ወደ ጭንቅላታችን የሚመጣው። እሷ የምታወራው ስለ ቆዳ ቀለም ነው። ስለዚህ "የቀለም አመለካከት" እንላለን። የዩኔስኮው ጥናት ሲነሳም እንደዚያው ይሁን።

"ሙላቶ" ይቆይ ብለናል። "ክልስ" ቀርቦ ነበር። ቃሉ ግን ብዙ ሰው ከስድብ ጋር የሚያያይዘው ነው፤ በዚያ ላይ ብራዚል ውስጥ ሙላቶ መሆን ከጥቁር ትንሽ ከፍ ብሎ መታየት የሚፈለግበት የራሱ ቦታ ነበረው። ያ ቦታ በ"ክልስ" አይመጣም።

የራዲዮ ዝግጅቷ ስም "ኖሶ ሙንዶ ሜንታል" ነው። "የአእምሮ ዓለማችን" ስንለው በሽታ በሽታ ሸተተን። አማርኛ ላይ "አእምሮ" ሲባል ቶሎ ሕመም ነው የሚታሰበው። "የውስጣችን ዓለም" ይሻላል። "ሳይኮአናሊሲስ" ደግሞ እንዳለ ይቀመጥ።

ሂሳብ ያዥ፦

ከአራት ስብሰባ በላይ አንችልም። እያንዳንዱም ከሁለት ሰዓት በላይ አይፍጅ።

አስተባባሪ፦

ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ጸሐፊው ትክክል ነው። ረቂቁ እንዲህ ይሁን፦

"ማኅበራችን የሚቀጥለውን የንባብ ወር ለቪርዢኒያ ሊዮኒ ቢኩዶ ሕይወትና ሥራ እንዲያውል እንጠይቃለን። ስብሰባዎቹ አራት ይሆናሉ። በመጀመሪያው ከ1945ቱ ጥናቷ የተመረጡ ክፍሎች በአማርኛ ይነበባሉ። በሁለተኛው የትምህርት ቤት ልጆቹን ጥናትና ከመጽሐፉ የተቀነሰበትን ታሪክ እናያለን። ሦስተኛው ስለ 1954ቱ ጉባኤና ማን ማዳመጥ ይፈቀድለታል ስለሚለው ጥያቄ ነው። በአራተኛው ከለንደን በኋላ ያለውን ሥራዋን ይዘን፣ የቀለምን ጥያቄ ትታዋለች ወይስ በሌላ መንገድ ቀጥላዋለች ብለን እንወያያለን።"

የሕይወት ታሪኳ ለብቻው አልገባም። በየስብሰባው መግቢያ ላይ በአጭሩ ይነገራል።

አባል (ጡረታ የወጡ መምህር)፦

ተስማምቻለሁ። አንድ ለውጥ ብቻ። የመጀመሪያው ስብሰባ በእሷ ትንታኔ አይጀምር። ያነጋገረቻቸው ሰዎች ቃል ይቅደም። እሷም መጀመሪያ ያደረገችው ማዳመጥ ነው።

የትርጉም ቡድን፦

እንዳሉት እናደርጋለን መምህር። የሰዎቹን ቃል ከያዙት ገጾች እንጀምራለን። የመጀመሪያውን ረቂቅ ትርጉም በዚሁ ቦታ እንለጥፋለን። "ጥቁር" እና "ሙላቶ" የሚሉት ላይ እርማት ያለው ሰው ከወዲሁ ይጻፍልን።