የልጆች ካርቱን የጻፈው ሰው ስም በቲቪያችን ይታይ? በዱዌይን ማክዱፊ የተነሳ ክርክር

አወያይ፦
ቅዳሜ ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ቡና ስንጠጣ የተነሳውን ጥያቄ እዚህ ላምጣው፤ እዚያ ሳንቋጨው ነው የተለያየነው። በአማርኛ ድምፅ የሚቀርቡ የልጆች ካርቱኖች ሲያልቁ የሠሩት ሰዎች ስም ብዙ ጊዜ አይታይም። ይቆረጥና ማስታወቂያ ይገባል። ጣቢያዎቹ ቢያንስ የደራሲውን ስም በአማርኛ ጽፈው እንዲያሳዩ ይገደዱ ወይስ ይተው?

ነገሩን ያስነሳው ዱዌይን ማክዱፊ ነው። ዲትሮይት የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ የኮሚክ (በሥዕል የሚተረክ ታሪክ) እና የአኒሜሽን ደራሲ ነበር። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2011፣ 49 ዓመት በሞላው ማግስት፣ ከልብ ቀዶ ሕክምና ጋር በተያያዘ ችግር አረፈ። ስሙን ሰምታችሁ ባታውቁ አይገርመኝም። ሥራውን ግን ታውቁታላችሁ። "ስታቲክ ሾክ"፣ "ጀስቲስ ሊግ"፣ "ቤን 10 ኤሊየን ፎርስ" ላይ ሁሉ እጁ አለበት። አንድ ሰሞን መርካቶ የተማሪ ቦርሳ ልትገዙ ስትሄዱ ቤን 10 ያልተሳለበት ማግኘት እንዴት ያስቸግር እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በዚያ ያደገ ልጅ ከተማውን ሞልቶታል፤ የጻፈውን ሰው ስም ጠይቁት እስኪ። እኔ በበኩሌ ይገደዱ ባይ ነኝ።

የሜክሲኮው፦
እኔ አልስማማም። ሰውየውን ማድነቅ ሌላ፣ ጣቢያ ማስገደድ ሌላ። ደግሞም ካርቱን የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ቤን 10ን የፈጠሩት "ማን ኦፍ አክሽን" በሚል ስም የሚሠሩ አራት ጸሐፊዎች ናቸው። ማክዱፊ የመጣው በኋላ፣ ቤን 15 ዓመት ሆኖት በተመለሰበት ተከታታይ ላይ ነው፤ ያውም የታሪክ አርታኢ ሆኖ። አንድን ክፍል ስንት ሰው ይነካካዋል! የቱ ቃል የማን እንደሆነ በምን ለይተን ነው አንዱን መርጠን ስሙን የምንለጥፈው? ታዋቂው የኮሚክ ደራሲ ስታን ሊ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲሞት ፌስቡክ በፎቶው ተጥለቅልቆ ነበር። ከሳምንት በኋላ ማን አስታወሰው? ስም መለጠፍ ማድነቅ አይደለም።

የሁለት ልጆች እናት፦
ወንድሜ፣ የቱ የማን እንደሆነ የሚታወቅበት ጊዜም አለ። የሚታወቀውም ስሙ ስለተጻፈ ነው። "ጂሚ" የሚባለውን የስታቲክ ሾክ ክፍል ውሰድ። ማክዱፊ ከአለን በርኔት ጋር የጻፈው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ለፊልምና ለቲቪ ጸሐፊዎች የሚሰጠውን የሂዩማኒታስ ሽልማት አግኝተውበታል። ከልጆቼ ጋር ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ። ጂሚ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚያሾፉበት፣ የሚገፈታትሩት ልጅ ነው። አባቱ ሽጉጥ አለው። ልጁ አንድ ቀን ያንን ሽጉጥ ይዞ ይመጣል። ቨርጂል፣ ማለትም ስታቲክ፣ ከእጁ ኤሌክትሪክ የሚያፈልቅ ጀግና ነው፤ ያን ቀን ግን ኃይሉ ምንም አይፈይድለትም፣ የቅርብ ጓደኛው በጥይት ይመታል። ተደብድቦ የሚታሰር ጭራቅ የለም። ያለው የተገፋ ልጅ፣ የገፉት ልጆችና እያዩ ዝም ያሉት ናቸው።

ትልቁ ልጄ ሲያልቅ ሪሞቱን እንደያዘ "ለምን ለአስተማሪ አልነገሩለትም?" አለኝ። ከዚያ ክፍላቸው ውስጥ ስለሚያስቸግሩት አንድ ልጅ ማውራት ጀመረ። ከዚያ በፊት ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ይህን ከልጄ አፍ ላወጣልኝ ሰው ስሙን ሦስት ሰከንድ ማሳየት ይበዛበታል? ይገደዱ። ካልተገደዱ አያደርጉትም።

ሠዓሊ ከ6 ኪሎ፦
"ደራሲው፣ ደራሲው" ትላላችሁ። ሠዓሊውስ የት ገባ? የስታቲክን የመጀመሪያ ኮሚክ የሳለው ጆን ፖል ሊዮን ነው። እሱም እ.ኤ.አ. በ2021 ገና በ49 ዓመቱ ሞተ። ስሙን ያነሳ አንድም ሰው እዚህ አላየሁም። ስታቲክ የወጣበትን ማይልስቶን የተባለ የኮሚክ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1993 ማክዱፊ ብቻውን አላቋቋመውም፤ ዴኒስ ካወን፣ ማይክል ዴቪስና ዴሪክ ዲንግል አብረውት ነበሩ። ካወን ሠዓሊ ነው። አራቱም ጥቁሮች ናቸው። ያደረጉት ነገር ብልህ ነበር። ማተሙንና ማከፋፈሉን ዲሲ ለተባለው ትልቅ የኮሚክ አሳታሚ ሰጡ፣ የገጸ ባሕርያቱን ባለቤትነት ግን በእጃቸው አስቀሩ። ኮሚኩ በ1997 ቢቆምም ስታቲክ በ2000 ቲቪ ላይ ወጥቶ 52 ክፍል ተሠራለት።

ማክዱፊን አልወደውም ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ከሥራዎቹ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ እናንተ ያላነሳችሁት "ዳሜጅ ኮንትሮል" ነው። ማርቭል በተባለው ሌላው ትልቅ የኮሚክ አሳታሚ ውስጥ ሳለ ከሠዓሊው ኧርኒ ኮሎን ጋር የሠራው። ጀግኖቹ ተደባድበው ከተማውን አፍርሰው ይሄዳሉ፤ ፍርስራሹን ማን ያነሳል? ሕንፃውን ማን ይጠግናል? ሒሳቡን ማን ይከፍላል? እሱ ታሪኩን የጀመረው ሌሎቹ ከጨረሱበት ነው። ፒያሳ ሲፈርስና እንደገና ሲሠራ ቆሞ ያየ ሰው ይህ ሐሳብ ሳይብራራለት ይገባዋል። ስለዚህ ስም ይታይ፣ ግን የሠዓሊውም ይታይ።

ጡረታ የወጡ መምህር፦
ልጆቼ፣ ለዲትሮይቱ ሰው ይህን ያህል ከተከራከራችሁ ለራሳችንስ? አባባ ተስፋዬን ሁሉም ያውቃቸዋል፣ ፊታቸውን እያየን ነዋ ያደግነው። የሚጠፋው ከስክሪን ጀርባ ያለው ነው። "ፀሐይ መማር ትወዳለች"ን ያላየ የከተማ ልጅ ጥቂት ነው፤ ብሩክታዊት ጥጋቡን ግን ስንት ወላጅ በስም ያውቃታል? ብስራት ደበበ እ.ኤ.አ. በ2018 "ጀምበር" የተባለውን ኮሚክ አወጣ። ጀግናው ሥራ ፈላጊ የአዲስ አበባ ተመራቂ ነው። ተማሪዎቼ ሲመረቁ በየማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ቆመው ሲጽፉ አይ ስለነበር ያ ልጅ ለእኔ እንግዳ አይደለም። እነዚህ ሰዎች በሕይወት አሉ። ቅድሚያ ለእነሱ ነው። ሰው እስኪሞት ጠብቆ ማወደስ ይብቃን።

አወያይ፦
ጋሼ፣ ቅድሚያ ለራሳችን ባሉት አልከራከርዎትም። ግን አንዱ ሌላውን አያስቀርም። ስታቲክን ቨርጂል ሆኪንስ ብለው የሰየሙት ለማን እንደሆነ ልንገርዎት። የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1949 በቆዳው ቀለም ምክንያት አልቀበልህም ያለው ሰው ነበር፣ ቨርጂል ሆኪንስ የሚባል። ማክዱፊና ባልደረቦቹ የዚያን ሰው ስም ለአንድ ትንሽ ልጅ ሰጥተው በየቤቱ ሳሎን አስገቡት። የሌላውን ስም እንዲህ የጠበቀ ሰው የእሱ ስም እየተቆረጠ ማስታወቂያ ሲገባበት እኔ ዝም ማለት አልችልም።

የድምፅ ተዋናይዋ፦
ዳቢንግ፣ ማለትም የውጭ ፊልም በአማርኛ ድምፅ መቅረጽ፣ ስለምሠራ ከውስጥ ልናገር። ስም የሚቆረጠው በክፋት አይደለም። የአየር ሰዓት ገንዘብ ነው፤ መጨረሻው የሚቆረጠው ለማስታወቂያ ቦታ እንዲገኝ ነው። የተርጓሚው ስም አይታይም፣ የእኛም አይታይም። ልጆች መንገድ ላይ ድምፄን ሰምተው ዘወር ብለው ያዩኛል፣ ስሜን ግን አያውቁም። የጎደለው ልምዱ ነው እንጂ ሕጉ አለ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲ ስሙ እንዲጠቀስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል።

ይህ ደግሞ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። ቢል ፊንገር ባትማንን ከቦብ ኬን ጋር ፈጥሮ እ.ኤ.አ. በ1974 ሞተ። ከቦብ ኬን ስም ጎን በይፋ መጻፍ የጀመረው በ2015 ነው። ቤተሰቡና ጥቂት ሰዎች ባይሟገቱለት ኖሮ ዛሬም አይጻፍም ነበር።

የሜክሲኮው፦
ሕጉ ካለ ሌላ መመሪያ ምን ያደርጋል? መብቱ የደራሲው ነው፣ ደራሲው ይጠይቅ። ጣቢያዎቹን ስታስጨንቋቸው የልጆች ፕሮግራሙን ትተው ሙዚቃ ያስገቡበታል። ያኔ የሚጎዳው ልጁ ነው። አሁን እንኳ በአማርኛ የሚቀርበው የልጆች ፕሮግራም በቂ አይደለም።

የሁለት ልጆች እናት፦
የሞተ ሰው እንዴት አድርጎ ይጠይቅ? ማክዱፊ ስክሪፕቱን የጻፈው "ኦል ስታር ሱፐርማን" የተባለው የአኒሜሽን ፊልም ለገበያ የወጣው በሞተ ማግስት ነው። በሕይወት ያለውስ ቢሆን ሎስ አንጀለስ ተቀምጦ እዚህ ስሙ መቆረጡን በምን ያውቃል? የምናየው እኛ ነን። መጠየቅ ያለብንም እኛ ነን።

የድምፅ ተዋናይዋ፦
ሐሙስ ቀረጻ አለኝ። ለአሠሪዬ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ስሙ መጨረሻ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ ላይ፣ ከርዕሱ ሥር በአንድ መስመር ይግባ፦ ድርሰት፣ ሥዕል፣ ትርጉም። ማስታወቂያውን አይነካበትም። እምቢ ካለ ምክንያቱን እዚህ እጽፍላችኋለሁ።

ጡረታ የወጡ መምህር፦
የአገር ውስጦቹም በዚያው መስመር ይግቡ በይልኝ፣ ልጄ።

የሜክሲኮው፦
በፈቃድ ከሆነ እኔም እደግፋለሁ። መመሪያ ይውጣ ካላችሁ ግን ተቃውሞዬ እንዳለ ነው።