ልጄን ጉማሬ "አደን" ላወጣው ነው፤ ምከሩኝ

ሰላም ወገኖች። የምንኖረው ባሕር ዳር ነው፤ የ9 ዓመት ልጅ አለኝ። ጣጣውን ያመጡት አያቱ ናቸው። እኔን በአደን ወሬ አሳደጉኝ፣ አሁን ተራው የልጄ ሆነ። "አባዬ፣ ጉማሬ አደን ውሰደኝ" ብሎ ሙጭጭ አለብኝ።

ድሮ በጣና ሐይቅ ዳር የሚኖሩት የወይጦ ማኅበረሰብ ሰዎች ጉማሬ ያድኑ ነበር። ዛሬ ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው፤ መሣሪያ የማስያዝ ሐሳብም የለኝም። ስለዚህ በባይኖኩላር ልናድን ተስማማን። ያየውን ይቆጥራል፣ ደብተሩ ላይ ይስላል። አባቴ ግን "ይኼ ምኑ አደን ነው?" ብለው ሳቁብኝ።

የቸገረኝ ሌላ ነው። አባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ይታያል። ቀን ውኃ ውስጥ ይውላል፣ ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል። ከተቆጣ ጀልባ ይገለብጣል፤ በደንገል ታንኳማ አልሞክራትም። እሑድ ጠዋት ነፋሱ ሳይነሣ የሞተር ጀልባ ልንይዝ ሄድን። የሰጡን ላይፍ ጃኬት የአዋቂ ነው። ልጁ እጁን ወደ ላይ ሲያነሣ ጃኬቱ በጭንቅላቱ ሾልኮ ወጣ። ትተነው ተመለስን። እስከ ቤት አንዲት ቃል አላናገረኝም።

እስቲ ንገሩኝ፣ በልጅ ልክ የተሠራ ላይፍ ጃኬት የት ይገኛል? ጀልባው ከጉማሬው ምን ያህል ይራቅ? ወይስ ውኃ ሳንገባ ከዳር ሆነን የምናይበት ደህና ቦታ አለ? እናቱ እንደሆነች "ጃኬቱ ሳይገኝ ንቅንቅ የለም" ብላለች።