ጓሮዬ የሚመጡትን ጦጣዎች ምን ላድርጋቸው? ሾላዬን መቁረጥ አልፈልግም

የሐይቅ ዳር
ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የምኖረው ሐዋሳ ነው፣ ከሐይቁ ብዙም አልርቅም። ግቢያችን ውስጥ አንድ ትልቅ ሾላ አለ። ከሾላው ወዲህ ፓፓያ፣ አቮካዶ፣ ዘይቱን፣ ጥቂት ጎመንና ቃሪያ አለኝ። ጥያቄዬ ስለ ጦጣ ነው። ግን ስለ ጉሬዛዎቹ ሳልነግራችሁ ጭንቀቴ አይገባችሁም።

ጉሬዛዎቹ የሚመጡት ጠዋት ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ነው። ረጅሙን ነጭ ጅራታቸውን ቁልቁል ለቀው ሾላው ላይ ይደረደራሉ። በቀደም አንዷ ወልዳ መጣች። ግልገሉ ከራሱ እስከ ጅራቱ ነጭ ነው፣ ፊቱ ብቻ ሮዝ። እናትየው ትንሽ አቅፋው ቆየችና ሌላዋ ሴት ተቀበለቻት፣ ከእሷ ደግሞ ሌላዋ ወሰደችው። ክርስትና ቤት ሕፃን የሚቀባበሉ ሴቶች ነው የሚመስሉት። እናትየው በዚህ መሃል እጇን ዘርግታ ቅጠሏን በላች። እጃቸውን ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አውራ ጣት የላቸውም ማለት ይቻላል። በአራቱ ጣቶች ቅርንጫፉን ሳብ አድርገው ቀጥታ ወደ አፍ ነው። ቡናዬን ይዤ ሳያቸው ብውል አልጠግብም። ፓፓያዬንም ነክተውብኝ አያውቁም።

ጦጣዎቹ ግን ሌላ ናቸው። አጥሩ ላይ ቁጭ ብለው ማን እንደወጣ፣ ማን እንደገባ ያያሉ። ፓፓያው ቢጫ ማውጣት ሲጀምር ከእኔ ቀድመው ያውቃሉ። አንዱን ነክሰው ይጥላሉ፣ ሌላውን ይነክሳሉ። ከበሉት የጣሉት ይበልጣል። ገና ያልደረሰ አቮካዶ ቀጥፈው መሬት ላይ ሳገኘው አንጀቴ ያርራል። ባለፈው ሳምንት አንዷ ማድ ቤት ገብታ ሌማቱን ከፍታ እንጀራ ይዛ ወጣች። የልጅ ልጄ ሊያባርራት ሲሄድ ጥርሷን አሳየችው። ያኔ ነው የፈራሁት።

አንዱ ጎረቤት ሾላውን ቁረጪው ይለኛል። ሌላው ሙዝ ውስጥ መርዝ አድርጊ አለኝ። የመርዙን ነገር አልሰማውም። ሾላው ግን ከእኔ በፊት የነበረ ዛፍ ነው። ሲያፈራ ያቺ ትልቅ ምንቃር ላይ ቀንድ የመሰለ ነገር ያላት ወፍም ትመጣለች፣ ስትበር የክንፏ ድምፅ ቤት ውስጥ ይሰማል። ዛፉን ሳልነካ ፍሬዬን የማተርፍበት መንገድ ካለ ንገሩኝ።

ጓሮ አትክልት
እህቴ፣ ሙያዬ እርሻ ነው። ሾላውን እንዳትነኪው። ጦጣዎቹ ሾላው ቢቆረጥ አካባቢውን ለቀው አይሄዱም፣ የሾላውን ፍሬ የሚበሉበትን ጊዜ ፓፓያሽ ላይ ያውሉታል። የሚቆረጠው ወደ ጣሪያው የተዘረጋው ቅርንጫፍ ብቻ ነው።

ዋናው ነገር ቀድሞ መልቀም ነው። አቮካዶ ዛፍ ላይ እያለ አይለሰልስም። የደረሰ አቮካዶ ልጩ ማብረቅረቁን ያቆማል። አንድ አውርጂና ቤት አስቀምጪው። ሳይጨማደድ ከለሰለሰ ሌላውም ደርሷል ማለት ነው፣ ጠንካራ እንዳለ አውርጂው። ፓፓያም እንደዚሁ። ልጩ ላይ የመጀመሪያዋ ቢጫ መስመር ስትታይ ቅጠፊው፣ ቤት ውስጥ ይበስላል። እስከዚያው ፍሬዎቹን በማዳበሪያ ከረጢት አልብሻቸው። ጦጣ ከረጢት መቅደድ አያቅታትም፣ ግን ቀለሙ ሲለወጥ ካላየች ቶሎ አትመጣም።

ሲዲ ማንጠልጠል፣ ቆርቆሮ ማንኳኳት ለጥቂት ቀን ነው፣ ይለምዱታል። ውሻ ይረዳል፣ ግን የእብድ ውሻ ክትባት የተከተበ ይሁን። ቃሪያሽን አጥሩ ሥር አዙሪው፣ እሱን አይነኩትም።

መርዙን ለመከረሽ ሰውዬ ይህን ንገሪው። መርዝ የበላች ጦጣ የትም ትሞታለች፣ ውሻም አባ ኮዳ የሚባለው ትልቁ ወፍም ሬሳዋን ይበላል። በዚያ ላይ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መግደል በሕግ ያስጠይቃል። ልጁን ደግሞ አደራ። ጦጣ ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። ቁስሉ ትንሽ ነው ብሎ መተው የለም።

እንጦጦ ግርጌ
እትዬ፣ እኔ አዲስ አበባ እንጦጦ ሥር ነኝ፣ የእኛ ፈተና ጃርት ነው። ማታ ይመጣና ድንችና ካሮቱን ከሥሩ ይገለብጠዋል። ጠዋት የሚገኘው ጉድጓድና የረገፈ እሾህ ነው። ጃርት እሾሁን ይወረውራል የሚባለው እውነት አይደለም። ይነቀላል እንጂ አይወረወርም፣ የማይርቀው ውሻ ግን አፍንጫው ላይ ተሰክቶበት ይመለሳል። እኛ የድንቹን መደብ ዙሪያውን ቆርቆሮ ቀበርንበት፣ ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ። ከዚያ ወዲህ ሰላም ነን። ለፍልፈል ግን አልሠራም፣ እሱ ከቆርቆሮውም በታች ይሄዳል።

ከጓሮዬ የምወደው ረጅም ቆልማማ ምንቃር ያላቸውን ጥቁር ወፎች ነው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጪ የትም አይገኙም። ጠዋት በጩኸታቸው ሰፈሩን ይቀሰቅሱታል። ከዚያ ሣሩ ላይ ወርደው ምንቃራቸውን እየወጉ ትሉን ይለቅማሉ። ጎመኔን አንድም ቀን አልነኩም።

እርስዎ ሰፈር አንድ ነገር ላስቸግርዎት፣ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ጦጣዎቹን ሙዝና ብስኩት የሚያበሉትን እንግዶች እባክዎ ያናግሩልን። ጦጣዋን ማድ ቤት ያስገባት ከሰው እጅ መብላት መልመዷ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ
እታለም፣ እዚህ ሜሪላንድ የእኔን ጎመን የሚጨርሰው አጋዘን ነው። ሥራ ውዬ ስመለስ ግንዱ ብቻ ቆሞ አገኘዋለሁ። 2 ሜትር ተኩል የሚደርስ አጥር ካልሆነ ይዘለዋል። በሶብላውንና ጤና አዳሙን ግን አይነካም፣ ሽታው አይስማማውም። አሁን እነሱን ከአጥሩ ውጪ፣ ጎመኑን ከውስጥ ነው የምተክለው።

ጤና አዳሙ ላይ ደግሞ ጥቁር ቀለበትና ቢጫ ነጠብጣብ ያለው አረንጓዴ አባጨጓሬ ይወጣል። መጀመሪያ እየለቀምኩ እጥል ነበር። ልጄ ትምህርት ቤት ሰምታ መጥታ ትልቅ ጥቁር ቢራቢሮ እንደሚሆን ነገረችኝ። አንዱን ተክል ለእነሱ ለቅቄያለሁ፣ ለቡናዬ የሚበቃኝ ከሌላው አለ።

የሐይቅ ዳር
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሾላው አይቆረጥም፣ ለጎረቤቶቼም ነግሬያቸዋለሁ። ጣሪያው ላይ የተዘረጋውን ቅርንጫፍ ቅዳሜ ልጆቹ ያወርዱታል። ማድ ቤቱ መስኮት ላይ ወንፊት ሽቦ አስመታሁ። ጓሮ አትክልት፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እዚህ አሮጌ የዓሣ መረብ በርካሽ ይገኛል፣ ለዘይቱኑ ባለብሰው ይሆናል?

ጓሮ አትክልት
የዓሣ መረብ ይቅር። ክሩ ቀጭን፣ ቀዳዳው ሰፊ ነው፣ የወፍ እግርም የጦጣ እጅም ይጠመድበታል። ተጠምዳ የምትጮህ ጦጣ ካለች መንጋው በሙሉ ነው የሚመጣብሽ። መረብ ከፈለግሽ ጣትሽ የማያልፍበት ይሁን፣ በእንጨት ወጥረሽ እሰሪው፣ እንደ ነጠላ አታልብሽው። ጠዋት ጠዋት ዞር ብለሽ እዪው።