ውጫዊ ዲስክ ስሰካ ማውዜ ይንተባተባል፣ ዋይፋዬም ይቆራረጣል

ጥያቄ — ባለፎቶዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አልለቅ ያለኝን ችግር ይዤ መጥቻለሁ፤ ያጋጠመው ሰው ካለ እባካችሁ ይንገረኝ።

ቤት ያለው ኮምፒውተሬ ክፍሎቹን ለየብቻ ገዝቼ ራሴ የገጣጠምኩት ዴስክቶፕ ነው። ሁለት ዓመት ያለ አንዳች እንከን ሠርቶልኛል። ማውዜና ኪቦርዴ ገመድ አልባ ናቸው፤ ሁለቱም የሚሠሩት ጥፍር በምታክል አንዲት ሪሲቨር ነው። ዋይፋዩም እንደ ፍላሽ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ነው። በቅርቡ የቤተሰቡን ፎቶና ቪዲዮ ባክአፕ ላደርግበት ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ገዛሁ። ጣጣው የጀመረው ያኔ ነው።

ዲስኩን እንደሰካሁት ማውዙ ይንተባተባል። ጠቋሚው ቀጥ ብሎ ይቆምና ድንገት ሌላ ጥግ ላይ ይገኛል። ኪቦርዱ ፊደል ይውጣል፤ «ሰላም» ብዬ ስጽፍ «ሰም» ሆኖ ይወጣል፣ አንዳንዴ ደግሞ አንዱን ፊደል ደጋግሞ ይደረድረዋል። ኮፒ ማድረግ ስጀምር ይብስበታል። ዋይፋዩንም ፈተሽኩት። ዲስኩ ሳይኖር ራውተሩን ፒንግ ሳደርገው (አጭር መልእክት ልኬ መልሱን ስጠብቅ) መልሱ በ2 ወይም በ3 ሚሊሰከንድ ይመጣል። ዲስኩ ተሰክቶ ግን ከ100 ፒንግ 31ዱ የውሃ ሽታ ሆነው ቀሩ፤ ከመጡትም እስከ 400 ሚሊሰከንድ የፈጁ አሉ። ዲስኩን ስነቅለው ሁሉም ወዲያው ይስተካከላል።

እስካሁን የማውዙን ባትሪ ቀይሬያለሁ፣ ሌላ ማውዝ ተውሼ ሞክሬያለሁ፣ የማዘርቦርዱን ድራይቨሮች በአዲስ ጭኛለሁ። በመጨረሻም ዊንዶውሱን አጥፍቼ ከዜሮ ጫንኩት፤ አንድ ሙሉ ቅዳሜዬ በዚያ አለቀ። ለውጥ የለም። ይበልጥ ግራ ያጋባኝ ግን ያው ዲስክ ላፕቶፕ ላይ ስሰካው ምንም አለማስቸገሩ ነው። ማዘርቦርዱ ሊሞት ይሆን? ወይስ ፓወር ሰፕላዩ? ሌላ ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ምከሩኝ።

መልስ — ሽቦ ፈታሽ

እህቴ፣ እኔ የምጠረጥረው ኃይሉን ነው። እነዚያ ትንንሽ ባለ 2.5 ኢንች ዲስኮች ለብቻቸው የሚሰካ የኃይል ገመድ የላቸውም፣ ሁሉንም ከዩኤስቢው ነው የሚስቡት። በደንቡ መሠረት የዩኤስቢ 2.0 ፖርት 500 ሚሊአምፒር፣ የዩኤስቢ 3.0 ደግሞ 900 ሚሊአምፒር ይሰጣል። ዲስኩ ለመሽከርከር ሲነሳ ብዙ ስለሚጠጣ ጎረቤት ፖርቶቹ ሊጎድልባቸው ይችላል። የራሱ አዳፕተር ያለው ሃብ (አንዱን ፖርት ወደ ብዙ የሚያበዛ ሳጥን) ካለሽ ዲስኩን በሱ በኩል ሞክሪው። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥም ገብተሽ ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ ዩኤስቢውን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት አንሺ።

ባለፎቶዋ

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ምልክቱን አነሳሁት። ባለ አዳፕተር ሃብም ነበረኝና ከኮምፒውተሩ ጀርባ አንጠልጥዬ ዲስኩን በሱ በኩል ሰካሁት። ያው ነው፣ ቅንጣት ለውጥ የለውም።

መልስ — የሌሊት ሠራተኛ

ሦስት ነገር ንገሪኝ። ዲስኩን የምትሰኪበት ፖርት ውስጡ ሰማያዊ ነው? የማውዙ ሪሲቨር ከሱ ምን ያህል ይርቃል? ላፕቶፑ ላይ ስትሞክሪስ ያንኑ ማውዝ ተጠቅመሽ ነበር?

ባለፎቶዋ

ሰማያዊ ነው። ሪሲቨሯ እዚያው ከጎኑ ናት፤ የዲስኩ ኬብል ጫፍ ሊነካት ምንም አልቀረው። የዋይፋዩ ስቲክም ከነሱ በላይ ያለው ፖርት ላይ ነው። ላፕቶፑ ላይ ግን የራሱን መዳሰሻ ነው የተጠቀምኩት። ይህን አላሰብኩበትም ነበር።

መልስ — የሌሊት ሠራተኛ

እንግዲያው ማዘርቦርድሽም፣ ዲስክሽም፣ ማውዝሽም ጤነኞች ናቸው። የተጣሉት ጎረቤት ስለሆኑ ነው። ሰማያዊው ፖርት፣ ማለትም ዩኤስቢ 3.0፣ ሥራ ላይ ሲሆን በ2.4 ጊጋኸርትዝ አካባቢ የራዲዮ ረብሻ ይለቃል። የማውዝሽ ሪሲቨር የሚሰማው እዚያው ሞገድ ላይ ነው፣ ዋይፋይሽም ከራውተሩ ጋር በ2.4 የሚገናኝ ከሆነ እዚያው ነው። እኔም ከዓመታት በፊት በዚሁ ተሰቃይቻለሁ፤ ሁለት ማውዝ ተበላሸ ብዬ ጥያለሁ፣ ሁለቱም ምንም አልነበራቸውም። ዛሬም ያንገበግበኛል፣ ስለዚህ እባክሽ አንድም ነገር አትግዢ።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ዲስኩን ከሰማያዊው ንቀዪና ጥቁሩ ወይም ነጩ የዩኤስቢ 2.0 ፖርት ላይ ስኪው። ማውዙ ከተስተካከለ ነገሩ ይሄው ነው። እዚያው ላይ ግን አትተዪው። 200 ጊጋባይት ፎቶ ለመገልበጥ ዩኤስቢ 2.0 አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል፤ ሰማያዊው ግን የሚሽከረከር ዲስክ ሆኖም እንኳ ከግማሽ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው።

መልስ — ጋሽ ራዲዮ

ልጄ፣ የሌሊት ሠራተኛው ያለሽ ልክ ነው። ዕድሜዬን ራዲዮ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝና ምክንያቱን ላስረዳሽ፤ ምክንያቱ ከገባሽ ነገ በሌላ መልክ ሲመጣም ታውቂዋለሽ።

የዲስኩን ኬብል ጫፍ ወደ ብርሃን አዙረሽ ውስጡን ተመልከቺ። ከፊት አራት ሰፋፊ የብረት ምላሶች ታያለሽ፤ እነሱ የድሮው ዩኤስቢ ናቸው። ገባ ብሎ ከበስተኋላ ደግሞ አምስት ትንንሾች አሉ። ዩኤስቢ 3.0ን ፈጣን ያደረጉት እነዚያ አምስቱ ናቸው። በነሱ በኩል በሰከንድ 5 ጊጋቢት ያልፋል። በዚያ ፍጥነት የሚላክ መረጃ ከፍ ዝቅ ሲል እስከ 2.5 ጊጋኸርትዝ ይደርሳል፤ መረጃው ሆን ተብሎ እየተዘበራረቀ ስለሚላክም ጉልበቱ አንድ ቦታ አይቆምም፣ በሰፊው ይበተናል። የማውዝ፣ የብሉቱዝና የዋይፋይ መንገድ ከ2400 እስከ 2483.5 ሜጋኸርትዝ ነው። የተበተነው ረብሻ የሚያርፈው እላዩ ላይ ነው። የኬብሉ መሸፈኛ ብረት ወይም የዲስኩ ሶኬት በደንብ ካልተዘጋ ደግሞ በዚያ በኩል ይወጣል።

ኢንቴል ይህን ለክቶ በ2012 እ.ኤ.አ. ሰነድ አውጥቶበታል። በዲስክ የተነሳ የ2.4 ጊጋኸርትዝ ረብሻ ወደ 20 ዴሲቤል ከፍ ሲል አሳይተዋል፤ በኃይል ሲሰላ 100 እጥፍ ማለት ነው። ማውዝሽ የምትልከው ደግሞ ደካማ ምልክት ነው። ወፍጮ ቤት ውስጥ ቆሞ ሹክ እንደሚል ሰው አስቢያት። ድምፅዋ አልጠፋም፤ ሪሲቨሯ ግን ጆሮዋን ወፍጮው ላይ ለጥፋ ነው የተቀመጠችው።

ስለዚህ ሪሲቨሯን አርቂያት። አንድ ሜትር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ኬብል ውሰጂና ሪሲቨሯን ጠረጴዛው ላይ ማውዙ አጠገብ አምጫት። ማራዘሚያው ተራው የዩኤስቢ 2.0 ይሁን፤ ሪሲቨሯ ከዚያ በላይ ፍጥነት አትፈልግም፣ እነዚያ አምስቱ ሽቦዎችም አብረው አይመጡም። ዲስኩን ግን በዚያ ኬብል እንዳታራዝሚው፣ ፍጥነቱን ታጪበታለሽ።

መልስ — አዲስ ገቢ

እኔ የራውተሩን ቻናል መቀየር ይረዳል ብዬ አስባለሁ። 1፣ 6 ወይም 11 ላይ ሞክሪ። ካልሆነ ኬብሉን የወጥ ቤት ፎይል ጠቅልይበት፣ አንድ ጓደኛዬ እንደሱ አድርጎ ተሻለው።

መልስ — የሌሊት ሠራተኛ

ቻናል መቀየር የጎረቤት ዋይፋይ ሲያስቸግር ነው የሚጠቅመው። ይሄ ረብሻ መላውን የ2.4 መንገድ ስለሚሸፍን ከ1 ወደ 11 ብትሸሽም ይከተልሻል። ዋይፋዩን በሙሉ ወደ 5 ጊጋኸርትዝ ማዛወር ነው የሚያዋጣው። ስቲክሽ 5 የሚቀበል መሆኑን እዪ፤ ብዙ ራውተር ላይ የሁለቱ ስም ይለያያል፣ 5 የሚል የተጨመረበትን ምረጪ። ግድግዳ ሲበዛ ከ2.4 ይልቅ ይደክማልና ራውተሩ ሩቅ ከሆነ ስቲኩንም በማራዘሚያ ከዲስኩ አርቂው።

መልስ — ጋሽ ራዲዮ

ፎይሉን ተዪው ልጄ። ሐሳቡ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ራዲዮ በብረት መከለል የቆየ ዘዴ ነው። ነገር ግን ከሶኬቱ ብረት ጋር በደንብ ያልተገናኘ ፎይል ብዙም አይከልልም። ተቀዶ ፖርት ውስጥ የገባ ቁራጭ ደግሞ ኃይል የሚሸከሙትን ምላሶች ሊያገናኝ ይችላል። ያኔ የፈራሽው የማዘርቦርድ ሞት የእውነት ይመጣል። መሸፈኛ ከፈለግሽ አጠርና ወፈር ያለ፣ በደንብ የተሠራ ኬብል ይሻላል።

መልስ — ባለላፕቶፕ

እኔ ጋ ይሄው ችግር በዶክ (ላፕቶፕ ላይ ተሰክቶ ተጨማሪ ፖርቶች በሚሰጥ ሳጥን) ነበር የመጣው። ላፕቶፑን ዶኩ ላይ ስሰካው የብሉቱዝ ጆሮ ማዳመጫዬ ይቆራረጥ ነበር። ብሉቱዝ በ79 ቻናሎች ላይ እየዘለለ ስለሚሠራ ያመልጣል ብዬ ነበር፣ አላመለጠም። ዶኩን ከላፕቶፑ አርባ ሳንቲ ሜትር ያህል ሳርቀው ተገላገልኩ።

ባለፎቶዋ

ውጤቱን ይዤ መጥቻለሁ።

መጀመሪያ ዲስኩን ጥቁሩ ፖርት ላይ ሰካሁት፤ ማውዙ ቅቤ ሆነ። መልሼ ሰማያዊው ላይ አደረግኩት፤ መንተባተቡ ተመለሰ። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት፣ ሦስቱንም ጊዜ ያው። ከዚያ ከድሮ ዕቃዎቼ መካከል የአሮጌ ፕሪንተር ማራዘሚያ ኬብል አገኘሁና ሪሲቨሯን ጠረጴዛው ላይ ከማውዙ አጠገብ አመጣኋት። ዲስኩ ሰማያዊው ላይ ሆኖ 180 ጊጋባይት ስገለብጥ ይህን ሁሉ ጻፍኩ፤ አንድ ፊደል አልተዋጠብኝም።

ዋይፋዩ ትንሽ አስቸገረኝ። ስቲኬ 2.4ን ብቻ የሚቀበል አሮጌ ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛ ማራዘሚያ ስላልነበረኝ ነቅዬ ከኬሱ ፊት ለፊት ባለው ፖርት ሰካሁት። ኬሱ ራሱ በመሃል ቆሞ ከለለልኝ መሰለኝ፣ አሁን ከ100 ፒንግ የጠፋው 2 ብቻ ነው። 5 የሚቀበል ስቲክ እስካገኝ ይበቃኛል።

የሌሊት ሠራተኛ፣ ስለዚያች ስለ ሁለተኛዋ ጥያቄህ እግዜር ይስጥህ፤ ኬሱን አዙሬ ርቀቱን ስለካው ነው ነገሩ ብልጭ ያለልኝ። ጋሽ ራዲዮ፣ የኬብሉን ጫፍ ወደ መስኮቱ አዙሬ አምስቱን ምላሶች ቆጠርኳቸው። ስንት ዓመት ስሰካና ስነቅል አይቻቸው አላውቅም ነበር። ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ።

መልስ — ጋሽ ራዲዮ

አሜን ልጄ። ስቲኩን ስትለውጪ አዲሱ ራሱ ዩኤስቢ 3.0 ከሆነ ከሪሲቨሯ ጎን እንዳታደርጊው፣ እሱም ይረብሻል።