ቦውሌሮ ስሙን ቀየረ፤ የልጄን ልደት እዚያ ላድርግ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ከመጣሁ አራት ዓመቴ ነው። ልጄ 12 ዓመት ሊሞላው ነው፤ ልደቴ ቦውሊንግ ቤት ካልሆነ ብሎ ድርቅ ብሏል። ሰፈራችን ያለው ቦውሌሮ የሚባለው ቦውሊንግ ቤት ሰሞኑን «ላኪ ስትራይክ» የሚል ስም ለጥፏል። ባለቤቱ ተቀይሮ ነው? ስምንት ልጆች ይመጣሉ። እኔ ተጫውቼ አላውቅም፤ ምን ልዘጋጅ?

መልስ 1፦
ልጅህን ያሳድግልህ ወንድሜ። ባለቤቱ ያው ነው። የቦውሌሮ ሥሩ ኒው ዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1938 የተከፈተው ቦውልሞር ሌንስ ነው። ቶም ሻነን በ1997 ገዛውና ሙዚቃና መጠጥ ያለበት፣ የከተማ ሰው የሚያመሽበት ቦታ አደረገው። ከዚያ እነ ሻነን ሌሎች የቦውሊንግ ድርጅቶችን፣ ኤኤምኤፍን በ2013፣ የብራንስዊክን ቤቶች በ2014 ጠቀለሉ። ላኪ ስትራይክ በ2003 ሆሊውድ የተጀመረ ሌላ ድርጅት ነበር። በ2023 ገዙት፤ በ2024 መጨረሻ ደግሞ ራሳቸው በስሙ ተጠሩ።

መልስ 2፦
እኔ ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ የቦውሊንግ ሊግ (ቋሚ ውድድር) እጫወታለሁ፤ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ ደውልና ሂሳቡ በጨዋታ ነው በሰዓት ብለህ ጠይቅ። በሰዓት ከሆነ ሁለት ሌን (ኳሱ የሚንከባለልበት መንገድ) ያዝ። ለእህቴ ልጅ ልደት፣ ሌላ ቤት ውስጥ፣ ብር ልቆጥብ ብዬ ሰባት ልጅ አንድ ሌን ላይ አሰለፍኩ። ሁለተኛው ጨዋታ ሳያልቅ ሰዓታችን አልቆ የነጥቡ ስክሪን ጠፋ። ተራው የደረሰው ልጅ ኳሱን እንዳቀፈ ቆሞ ቀረ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ኳሶቹ ከ6 እስከ 16 ፓውንድ ናቸው። ለልጆቹ 8 አካባቢ ያለውን አስሞክራቸው። ከክብደቱ እኩል የአውራ ጣቱን ቀዳዳ እይ። ከጠበበ ጣት ይይዛል። ከሰፋ ደግሞ ልጁ ኳሱ እንዳይወድቅበት ጨምድዶ ይይዘዋል፤ ክንዱ ቶሎ ይዝላል። ጣቱ ሳይታገል ገብቶ ሳይታገል መውጣት አለበት።

ሌኑ መነሻ ላይ ያለውን የመወርወሪያ መስመር እንዳያልፉ አደራ። ከመስመሩ ወዲያ ወለሉ ዘይት የተቀባ ነው፤ ያንሸራትታል። ኳሱ ሲመለስ ዙሪያውን ስስ የዘይት ቀለበት ታያለህ፤ በጨርቅ ጥረገው። በኳሱ የሚጣሉት ጠርሙስ መሰል ፒኖች ከመስመሩ 18 ሜትር ይርቃሉ፤ እነሱን ከማለም ወለሉ ላይ ካሉት ሰባት ቀስቶች አንዱን ማለም ይቀላል። ቀኝ እጁ ለሆነ ልጅ ከቀኝ ሁለተኛውን አሳየው።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። ሁለት ሌን ያዝኩ። ግን ፒኖቹ በገመድ የታሰሩ ናቸው አሉኝ። ችግር አለው?

መልስ 2፦
ለልደት ምንም ችግር የለውም። ገመዱ ፒኑን ወደ ላይ ስቦ መልሶ ያቆመዋል። ማሽኑ ቀላል ስለሆነ ለጥገና ይረክሳል፤ ለዚህ ነው የበዛው። አወዳደቁ ግን ይለያል። የስፖርቱን ሕግ የሚያወጣው የአሜሪካ ቦውሊንግ ኮንግረስም በ2023 ሲያጸድቀው ራሱን የቻለ ምድብ አድርጎ ነው። እኔ ለሊግ አልመርጠውም። ያልታሰረ ፒን ተንከባሎ ሄዶ ዳር የቀረውን ሲጥል ማየት ነው የምወደው። የቦውሊንግ ጫማ እዚያው ስለምትወስዱ የልጆቹን የጫማ ቁጥር ግን ከቤት ሳትወጣ ጽፈህ ያዝ።