ለኬራቶኮነስ የሚሆነው ለስላሳ ሌንስ ነው ወይስ ጠንካራ?

ጥያቄ፦

ሰላም ለሁላችሁም። የ19 ዓመት ታናሽ እህቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ዓይን የሚያሳክክ አለርጂ አለባት፤ ዓይኗን ሳታሽ የዋለችበትን ቀን አላስታውስም። ባለፉት ሁለት ዓመታት የመነጽሯ ቁጥር ሦስት ጊዜ ተቀይሮ የመጨረሻው ምንም ስላልፈየደላት እንደገና ስትመረመር ኬራቶኮነስ የሚባል፣ የዓይን ፊተኛውን ሽፋን ቅርጽ የሚያዛባ በሽታ መሆኑ ተነገረን። ሐኪሙ ጠንካራ ኮንታክት ሌንስ እንደሚያስፈልጋት ነገሩን። አዲስ አበባ ውስጥ የጠየቅነው አንድ መነጽር ቤት ግን «ጠንካራው ዓይን ይጎዳል፣ ለስላሳው ይሻላታል» ብሎ ዓይኗን ሳይለካ በየወሩ የሚቀየር ለስላሳ ሌንስ ሸጠልን። ሌንሱን አድርጋም ፊደሉ ተደራርቦ ነው የሚታያት፤ ሰሌዳ ማንበብ ስለማትችል ትምህርቷን የምትከታተለው ከጓደኞቿ ደብተር እየገለበጠች ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያውቅ ቢያስረዳን እጅግ እናመሰግናለን።

መልስ (በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኦፕቶሜትሪ፣ ማለትም የእይታ ምርመራ ሙያ፣ የተማርኩ ባለሙያ)፦

ወንድሜ፣ ሐኪሙ የነገሯችሁ ትክክል ነው። ኮርኒያ፣ ማለትም የዓይን ፊተኛው ጥርት ያለ ሽፋን፣ በጤናው ጊዜ ወጥ የሆነ ክብ ጉብታ አለው፤ በኬራቶኮነስ ግን ይሳሳና ወደ ፊት እየሾለ ይሄዳል። ለስላሳ ሌንስ እንደ እርጥብ ጨርቅ በላዩ ላይ ስለሚለጠፍ የሾለውን ቅርጽ ራሱ ይይዛል፤ ስለዚህ ብርሃን የሚገባበት ገጽታ እንደ ቀድሞው የተዛባ ይሆናል። እህትዎ ፊደል የሚደራረብባት በዚህ ምክንያት ነው። ጠንካራው ሌንስ ግን የራሱን ቅርጽ አይለቅም፤ ከሌንሱና ከኮርኒያው መካከል ያለውን ክፍተት እንባ ይሞላውና ዓይን አዲስና ወጥ የሆነ ገጽታ ያገኛል።

«ጠንካራ ሌንስ ይጎዳል» የሚለው ወሬ መነሻ አለው። ኮርኒያ የደም ሥር ስለሌለው ኦክስጅኑን በአብዛኛው የሚያገኘው ከአየር ነው። የድሮው ጠንካራ ሌንስ የሚሠራው ፒ ኤም ኤም ኤ ከሚባል ኦክስጅን ከማያሳልፍ ፕላስቲክ ስለነበር ኮርኒያውን ያፍነው ነበር። ከ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ግን ሲሊኮን፣ በኋላም ፍሎሪን የተጨመረበት ኦክስጅን አሳላፊ ጠንካራ ሌንስ መጥቷል፤ ዛሬ የሚታዘዘውም ይኸው ነው። በአያያዝ ከተጠነቀቁለትም ከአንድ ዓመት በላይ ያገለግላል።

ለስላሳዎቹም በሁለት ይከፈላሉ። ሂማ ከሚባለው ንጥረ ነገር የሚሠራው ሃይድሮጄል 38 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው፤ ኦክስጅን የሚያልፈው በዚያ ውሃ ብቻ ስለሆነ መጠኑ የተወሰነ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ለገበያ የቀረበው ሲሊኮን ሃይድሮጄል ኦክስጅንን እጅግ የተሻለ ያሳልፋል፤ በአንጻሩ ትንሽ ይጠነክራል፣ የእንባ ቅባትም ይይዛል። ሁለቱም ለተራ የቅርብና የርቀት እይታ ችግር መልካም ናቸው፤ ገፋ ላለ ኬራቶኮነስ ግን ተራው ለስላሳ ሌንስ አይበቃም። ዓይንን ሳይለኩ ሌንስ መሸጥ ፈጽሞ ተገቢ እንዳልሆነም ማሳሰብ እወዳለሁ።

መልስ (ሜሪላንድ የምኖር፣ የራሴም ሕመም ኬራቶኮነስ የሆነ)፦

በመጀመሪያ ያደረግሁት ትንሹን ጠንካራ ሌንስ ነበር፤ ስፋቱ ወደ 10 ሚሊሜትር ይጠጋል። እይታዬን በአንድ ጊዜ ቢያጠራልኝም እስክለምደው ድረስ ሳምንታት ወስዶብኛል፤ አቧራ ሥሩ ሲገባ ደግሞ ሕመሙ ከባድ ነው፣ ለአዲስ አበባ አቧራ ይህን ማሰብ ይገባል። ኋላ ወደ ስክሌራል ሌንስ ተዛወርሁ። እርሱ ትልቅ ስለሆነ የሚያርፈው በነጩ የዓይን ክፍል ላይ ነው፤ የታመመውን ኮርኒያ ሳይነካ ከበላዩ ያልፋል። ከማድረጌ በፊት መከላከያ ኬሚካል በሌለው የጨው ውሃ እሞላዋለሁ፣ አቧራም አይገባበትም። ችግሩ ዋጋው ውድ መሆኑ፣ ማድረግና ማውለቅ ልምምድ መጠየቁ፣ አንዳንድ ቀንም እኩለ ቀን ላይ ስለሚደበዝዝ አውልቆ እንደገና መሙላት ማስፈለጉ ነው። «ከአሜሪካ ይላክላት» እንዳትሉ አደራ፤ ሌንሱ በእያንዳንዱ ዓይን ልክ እየተሞከረ የሚሠራ ስለሆነ ባለቤቱ በሌለበት ሊታዘዝ አይችልም።

ጠያቂው፦

እግዚአብሔር ይስጥልን። እህቴ የሌንሱን ማስቀመጫ በቧንቧ ውሃ ነው የምታጥበው፤ ፈሳሹ ሲያልቅባትም በፈላ ውሃ ዘፍዝፋው ታውቃለች። ይህ ጉዳት አለው?

መልስ (የዓይን ክሊኒክ ነርስ)፦

እባክዎ ዛሬውኑ ያስቁሟት። በቧንቧ ውሃ ውስጥ አካንታሜባ የሚባል ረቂቅ ተሕዋስ ሊኖር ይችላል፤ ኮርኒያ ውስጥ ከገባ ሕክምናው ወራት የሚፈጅ ሲሆን ዓይንንም ሊያጠፋ ይችላል። ውሃን ማፍላት ለሌንስ ንጹሕ አያደርገውም፤ የጨው ውሃም ለማለቅለቅ እንጂ ጀርም ለመግደል አይሆንም። ማስቀመጫው በሌንስ ፈሳሽ ታጥቦ ተደፍቶ ይድረቅ፣ በየሦስት ወሩም ይቀየር። እጇን በሳሙና ታጥባና አድርቃ ትንካው፤ ሌንሱን አድርጋም አትተኛ። ዓይኗ ከቀላ፣ ካመማት ወይም ብርሃን ካስፈራት አውልቃ በዚያው ቀን ትመርመር።

መልስ (ከላይ የጻፍሁት ኦፕቶሜትሪስት)፦

አንድ ከሁሉ የሚቀድም ነገር ሳልናገር ቀርቻለሁ። ሌንስ እይታን ያስተካክላል እንጂ በሽታውን አያቆምም፤ በ19 ዓመት ዕድሜ ደግሞ ገና ሊገፋ ይችላል። ቫይታሚን ቢ 2 ጠብታ ከአልትራቫዮሌት ብርሃን ጋር ተደርጎ ኮርኒያውን የሚያጠነክረው ክሮስሊንኪንግ የሚባል ሕክምና ያስፈልጋት እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ። የአለርጂ መድኃኒቷን እንዳታቋርጥ፣ ዓይኗንም እንዳታሽ አጥብቀው ይንገሯት፤ ማሸት ኮርኒያውን ያባብሰዋል። የኮርኒያዋ ቅርጽ ቶፖግራፊ በሚባለው የምስል ምርመራ ከመነሳቱ በፊት ለስላሳውን ሌንስ ሐኪሙ ለሚነግሯት ቀናት ታቁም፤ አለበለዚያ ልኬቱ ይዛባል። ወደ ቀጠሮ ስትሄዱም የሦስቱንም መነጽሮች የማዘዣ ወረቀት ያዙ፤ ሐኪሙ በሽታው በምን ፍጥነት እየገፋ እንደሆነ የሚያዩት ከእነዚያ ቁጥሮች ነው።